የጀግና ደመወዝ

የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ነው። ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ ከጎኔ ያለው ቢሮ የአንዲት ፊሊፒናዊት ነበር። ነርሲንግ ነበር የምታስተምረው። የዚያን ሰሞን የዩኒቨርሲቲዎቻችንን ነገር የሚያስታውስ ያውቀዋል፤ ተቋማቱ ባንዴ ሲበዙ «መምህር ከየት ይምጣ?» ተባለና ከህንድም ከፊሊፒንስም በኮንትራት የመጡ መምህራን በየግቢው ነበሩ። ተማሪዎቹ «ሚስ» ይሏታል። እሷ በበኩሏ እኔንም፣ የክበቡን አስተናጋጅም፣ የበሩን ዘበኛም እኩል «ሰር» ነው የምትለን። ዘበኛው ይህን ማዕረግ ካገኙ ወዲህ ቦርሳዋን ፈትሸው አያውቁም።

ሁለት ልጆች ነበሯት። ልጆቹ አገር ቤት ከእናቷ ጋር ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ ወርዳ ትደውላለች። እሑድ ደግሞ ክፍሏ ውስጥ የተቀመጠውን ትልቅ ካርቶን ከፍታ የሳምንቱን ግዢ ትጨምርበታለች። ቡና፣ ሳሙና፣ ካልሲ፣ የልጅ ጫማ። ጫማውን በግምት ነው የምትገዛው። «ሲደርሰው ይጠበው ይሆን?» እያለች ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ከፍ ታደርጋለች። ካርቶኑ ሲሞላ አገሩ ለሚገባ ባልደረባዋ ታስይዘዋለች፤ በማግስቱ ሌላ ባዶ ካርቶን እዚያው ቦታ ይቀመጣል።

አንድ ቅዳሜ ማታ ሁለት ሦስት መምህራን ጠርታ ሩዝ አበላችንና ቪሲዲ ከፈተችልን። «ሰር፣ እርስዎ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለችኝ። ፊልሙ «አናክ» ይባላል። በእነሱ ቋንቋ «ልጅ» ማለት ነው። እኔ እንደ ልማዴ እንደ ፈተና ወረቀት እያረምኩ አየሁት። ትወናው ጥሩ፣ ሙዚቃው በዛ፣ መጨረሻው ቸኮለ። ፊልሙ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ተነሥታ ወጣች። የእናትና የልጅ ጠብ ያለበትን፣ እኛን ሁላችንንም ያስለቀሰንን ትዕይንት ቁጭ ብላ አይታ፣ ሁሉም ታርቆ እናትዮዋ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስትሄድ ነው የወጣችው። በማግስቱ ምክንያቱን ስጠይቃት ያለችኝን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ ቃል እናውራ።

*

ፊሊፒንስ በስደት የሚሠሩ ልጆቿን «ባጎንግ ባያኒ» ትላቸዋለች። አዲሶቹ ጀግኖች ማለት ነው። ቃሉን ያስለመዱት ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ሆንግ ኮንግ ለሚገኙ የቤት ሠራተኞች ንግግር ሲያደርጉ ነው እንዲህ ያሏቸው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከመንግሥት አፍ አልወረደም። በአውሮፕላን ማረፊያው ለእነሱ የተለየ ሰልፍ አለ፤ በገና ሰሞን ፕሬዚዳንቶች ራሳቸው ወጥተው የተቀበሉበት ጊዜም አለ።

ነገሩ ግን በጀግንነት አልተጀመረም። በ1974 ፌርዲናንድ ማርኮስ የሥራ ሕጉን ሲያወጡ አገሪቱ ሥራ አጥ በዝቶባታል፣ የነዳጅ ዋጋ ንሮባታል፣ የውጭ ምንዛሪ አጥሯታል። በሌላ በኩል ያ የናረው ነዳጅ የባሕረ ሰላጤውን አገሮች አክብሯቸው መንገድና ሕንፃ የሚሠራላቸው ሰው ይፈልጋሉ። እንግዲህ ሰው ልከን ዶላር እናምጣ ተባለ። ኢኮኖሚው እስኪያገግም፣ ለጊዜው ነበር። በ1982 ደግሞ በውጭ የሚሠራ ሁሉ እንደየሥራው ዓይነት ከደመወዙ ከ50 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን በባንክ በኩል ወደ አገር እንዲልክ የሚያስገድድ ትእዛዝ ወጣ። ሠራተኞቹ፣ በተለይ ሆንግ ኮንግ ያሉት፣ አሻፈረን ብለው ተቃወሙ፤ በ1985 ባልላከ ሰው ላይ የተደነገገው ቅጣት ተነሣ። ከሦስት ዓመት በኋላ «ጀግኖቻችን» ተባሉ። እኔ እንደማነበው መንግሥት በትእዛዝ ያላገኘውን በምስጋና አገኘው።

አግኝቷልም። በ2024 በባንክ በኩል ብቻ ወደ ፊሊፒንስ የገባው ገንዘብ ከ34 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል፤ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከ8 በመቶ በላይ መሆኑ ነው። የ2023ቱ የመንግሥት ጥናት በውጭ የሚሠሩትን ዜጎች 2.16 ሚሊዮን ብሎ ቆጥሯቸዋል፤ ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው። ለጊዜው የተባለው ነገር ሃምሳ ዓመት ደፈነ።

ታዲያ ጀግና መባል ምን ይጎዳል? ትሉኝ ይሆናል። ገረድ ከመባል አይሻልም ወይ? ይሻላል። ግን ቃልን ለመመዘን ምን እንደሚያስከትል ማየት ነው። አንዲትን ሴት ሠራተኛ ካልናት፣ ደመወዝሽ ስንት ነው? የዕረፍት ቀንሽ መቼ ነው? ፓስፖርትሽ ማን ዘንድ ነው? ብሎ መጠየቅ ይከተላል። ጀግና ካልናት ግን የሚከተለው ጭብጨባ ነው። ጀግና ትርፍ ሰዓት አይቆጥርም። ጀግና «ደከመኝ፣ መልሱኝ» ቢል ጀግንነቱ ላይ ነው የሚያምጸው። ሠራተኛ መብቷን ትቀበላለች፤ ጀግና የሚሰጣትን ነው የምትቀበለው።

የፊሊፒንስ ፊልም ሠሪዎች ከዚህ ቃል ጋር ሲሟገቱ ሠላሳ ዓመት ሆናቸው። እኔም ካየኋቸው ውስጥ ሦስቱን፣ ከጎረቤት አገር ደግሞ አንዱን ላነሣ ነው።

*

የመጀመሪያው በሬሳ ሣጥን የተጀመረ ታሪክ ነው። ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የአራት ልጆች እናት፣ ሲንጋፖር የቤት ሠራተኛ ነበረች። በ1991 ሌላዋን ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛና የአራት ዓመት ሲንጋፖራዊ ሕፃን ገድላለች ተብላ ተከሰሰች፤ መጋቢት 17 ቀን 1995 በስቅላት ተቀጣች። እሷ አልሠራችውም የሚል ምስክርነት በመጨረሻው ሰዓት ከአገሯ ሰዎች ቢመጣም ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ፕሬዚዳንት ፊደል ራሞስ ምሕረት ቢለምኑም አልሆነም። ማኒላ በቁጣ ነደደች። አምባሳደሯን ጠራች፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሕዝቡን ያንገበገበው ሲንጋፖር ብቻ አልነበረም፤ የገዛ መንግሥታችን በጊዜ ለምን አልደረሰላትም የሚለውም ነበር። አስከሬኗን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ወጥተው የተቀበሉት ቀዳማዊት እመቤቷ ናቸው። በሕይወት ሳለች በጊዜ የሚደርስላት ያጣች ሴት ስትሞት የክብር አቀባበል አገኘች።

በዚያው ዓመት ጆዌል ላማንጋን ታሪኩን ፊልም አደረገው። ፍሎርን ሆና የተጫወተችው በ2025 ያረፈችው ታላቋ ኖራ ኦኖር ናት፤ በካይሮ ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይትን ሽልማት ያገኘችበት ነው። ፊልሙ የችኮላ ሥራ መሆኑ ይታያል። ቁጣው ገና አልበረደም፣ ጥፋተኛና ንጹሕ በጥቁርና በነጭ ተለይተዋል። የኖራ ኦኖር ፊት ግን ከፊልሙ ይበልጣል። ይህች ሴት ሳትጮህ መጮህ ታውቅበታለች። ለጀግንነት የተጠራ ሰው አይመስልም ፊቷ፤ ነገሩ ያልገባው፣ «ምን አድርጌ?» የሚል የደከመ ሰው ፊት ነው። የፊልሙ እውነት እዚያ ፊት ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ፓርላማው የስደተኛ ሠራተኞችን ሕግ አወጣ። ሕጉ ውስጥ አንድ አስገራሚ ድንጋጌ አለ፤ መንግሥት ዜጎችን ወደ ውጭ ለሥራ መላክን የኢኮኖሚ ዕድገት ማስቀጠያ አድርጎ አያራምድም ይላል። በወረቀት ላይ እንዲህ ተጻፈ። አውሮፕላኖቹ ግን መሙላታቸውን አላቆሙም።

*

አሁን ወደ «አናክ» እንምጣ። በ2000 የወጣ፣ ሮሪ ኪንቶስ ያዘጋጀችው ፊልም ነው። እናትየዋን ጆሲን የምትጫወተው ቪልማ ሳንቶስ ናት፤ የኖራ ኦኖር የዕድሜ ልክ ተፎካካሪ። ሁለቱ የአገሪቱ ታላላቅ ተዋናዮች በአምስት ዓመት ልዩነት ሁለቱም የቤት ሠራተኛ ሆነው መምጣታቸው፣ ሁለቱንም ፊልሞች ከጻፉት መካከል ደግሞ ያው ሪኪ ሊ መኖሩ፣ ጉዳዩ የዚያችን አገር ልብ ምን ያህል እንደያዘው ይነግረናል።

ጆሲ ሆንግ ኮንግ የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራ፣ በቃኝ ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ባሏ በሌለችበት ሞቷል። ለቀብሩ አልመጣችም፤ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም፤ ይህን ግን ልጆቿ አያውቁም። ትንሿ ልጅ እናቷን ስታይ ትሸሻለች። ትልቋ፣ ካርላ፣ ታውቃታለች፤ ግን አትፈልጋትም። እናት ሻንጣ ከፍታ ስጦታ ታድላለች። ካርላ ስጦታውን የምትቀበልበት እጅ ጥፊ የሚያቀምስ ይመስላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መገመት አይከብድም፤ ያጠራቀመችው ገንዘብ እያለቀ፣ ልጆቹ እየተበላሹ፣ ካርላ ከአንዱ ወንድ ወደ ሌላው እየሄደች፣ በመጨረሻ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ።

ይህ ትዕይንት ዝነኛ ነው፤ ይገባዋልም። እናት እያንዳንዷን ሣንቲም ለመላክ የዋጠችውን ትዘረግፋለች። ያልበላችውን፣ ያልተኛችውን፣ የተዋረደችውን። ሲኒማው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እኔም አልቅሻለሁ። ሰው ካለቀሰ በኋላ ግን ማሰብ አለበት።

ልብ በሉልኝ፤ ጆሲ ይህን ሁሉ የምትናገረው ለማነው? ለልጅቷ ነው። የዕዳውን ደብተር ገልጣ የምታሳየው ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ነው። ካርላ ምን አጠፋች? እናቷ ስትሄድ ልጅ ነበረች፤ አልተጠየቀችም። ስልክ ሲደወል «ደህና ነን» በይ ተብላ አደገች። እናትየዋም ከወዲያ «ደህና ነኝ» ትል ነበር። ሁለቱም ወገን ለዓመታት በፍቅር ሲዋሹ ኖረው፣ ሆድ ይፍጀው ብለው ያስቀመጡት ባንድ ሌሊት ፈነዳ። ፊልሙ እዚህ ድረስ እውነቱን ይናገራል። ከዚህ በኋላ ግን ይፈራል። መፍትሔው የልጅቷ ጸጸት ይሆናል። ካርላ ታለቅሳለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ውለታ ታውቃለች። ሒሳቡ ተዘጋ።

የማን ሒሳብ? ጆሲን ከቤቷ ያወጣት ካርላ አይደለችም። በአገሯ ሠርታ ልጆቿን ማሳደግ የሚያስችል ደመወዝ ያጣችው በካርላ ምክንያት አይደለም። የባሏን ቀብር የከለከላት አሠሪም ካርላ አይደለችም። እነዚህ ባለዕዳዎች ከመድረኩ ወጥተው ሄደዋል፤ እናትና ልጅ ብቻ ተፋጠው ቀርተዋል። ትልቅ የአገር ዕዳ ትንሽ የቤት ጠብ ሆነ። ጀግና የሚለው ቃል ሥራውን የሚሠራው እንዲህ ነው፤ አገር ስታመሰግን ልጅ ይከፍላል።

የባልደረባዬን ነገር ቃል በገባሁት መሠረት ልንገራችሁ። በማግስቱ ክበቡ ውስጥ «ለምን ወጣሽ?» አልኳት። ሻይዋን እያማሰለች እንዲህ አለችኝ፦ «ሰር፣ ጠቡ አያስፈራኝም። ጠቡ ጥሩ ነው፤ ይናገራሉ። እኔን የሚያስፈራኝ መጨረሻው ነው። ሁሉም ይታረቃል፤ ከዚያ እሷ ተመልሳ ትሄዳለች። ማንም ምንም አይልም። ሲኒማ ቤት ውስጥ የነበሩትም ምንም አላሉም። ደስ ብሏቸው ነው የወጡት።»

እኔ «መጨረሻው ቸኮለ» ብዬ ያረምኩት ፊልም ነበር። እሷ ነበረች ሥነ ጽሑፍ ማስተማር የነበረባት።

*

እስካሁን ያየነው ስደተኛዋ የተለየችውን ቤት ነው። በ2013 አንተኒ ቼን የሚባል ወጣት ሲንጋፖራዊ የገባችበትን ቤት አሳየን። «ኢሎ ኢሎ» በካን ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠውን ካሜራ ዶር ወሰደ። ኢሎኢሎ ሠራተኛዋ የመጣችበት የፊሊፒንስ ግዛት ስም ነው። የቻይንኛው ርዕስ ግን ሌላ ነው፤ «አባባና እማማ ቤት የሉም» እንደማለት ነው።

ዘመኑ የእስያ የገንዘብ ቀውስ የተነሣበት 1997 ነው። አባት ሥራውን አጥቶ ለሚስቱ አልነገራትም፤ እናት ነፍሰ ጡር ሆና ቢሮ ትውላለች፤ ልጁ ያስቸግራል። ቴሪ የምትባል ፊሊፒናዊት ትቀጠራለች። እዚህ ፊልም ውስጥ ጭራቅ አሠሪ የለም። እመቤቲቱ መጀመሪያ የምትጠይቀው ፓስፖርቱን ነው፤ ክፋት ሆኖባት ሳይሆን ሁሉም እንደዚያ ስለሚያደርግ። ልጁ ቀስ በቀስ ቴሪን ይወዳል። እናት ይህን ስታይ ታመሰግናለችም ትቀናለችም። ቴሪ ደግሞ አገር ቤት ጡት ያልጣለ የራሷ ሕፃን አላት፤ እህቷ ናት የምታሳድገው። ርዕሱን አሁን መልሳችሁ አንብቡት። እማማ ቤት የለችም፤ ሲንጋፖርም፣ ኢሎኢሎም።

ይህን ሰንሰለት ምሁራንም አይተውታል። ፊሊፒናዊቷ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ራሄል ሳላዛር ፓሬኛስ በ2001 ባሳተመችው መጽሐፍ ሮምና ሎስ አንጀለስ ያሉ የአገሯን የቤት ሠራተኞች አጥንታለች። ሀብታሟ ሴት ልጇን ለፊሊፒናዊቷ ትሰጣለች፤ ፊሊፒናዊቷ ከዚያ ደመወዝ ቀንሳ የራሷን ልጆች የምትጠብቅ ከእሷ የባሰች ድሃ አገር ቤት ትቀጥራለች፤ የዚያችኛዋን ልጆች ደግሞ ማን ያውቃል። የሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ደመወዝ የለም።

«ኢሎ ኢሎ» ከ«አናክ» የሚበልጠው የቅርታ ብዛት ላይ አይደለም። ልቅሶ ቆጥቦ ሒሳቡን ያሳያል። ቴሪ የተሰናበተችው ስላጠፋች አይደለም፤ ቤተሰቡ መክፈል ስላልቻለ ነው። የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች በአንድ የደመወዝ ወረቀት ተገናኙ፣ በአንድ የደመወዝ ወረቀት ተለያዩ። ጀግንነት የሚባል ነገር ትዝም አይላችሁ።

*

የመጨረሻው ዶክመንተሪ ነው። ቤቢ ሩት ቪላራማ የሠራችው «ሳንዴይ ቢዩቲ ኩዊን» በ2016 በማኒላው ዓመታዊ የፊልም ፌስቲቫል ምርጥ ፊልም ተብሏል። የቁንጅና ውድድር የሚያዘጋጁ የሆንግ ኮንግ ፊሊፒናውያን የቤት ሠራተኞችን ይከተላል። እውነቱን ልናገር፤ ርዕሱን ስሰማ «ደግሞ የምን ቁንጅና!» ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነበር።

ሆንግ ኮንግ የቤት ሠራተኛ በሕግ የሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አላት። ከአሠሪዋ ቤት ውጭ ማደር ግን አትችልም፤ ከ2003 ጀምሮ ግዴታ ነው። ከሥራ ከተባረረች በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተማዋን መልቀቅ አለባት። ስለዚህ እሑድ እሑድ የሚሄዱበት ቤት የላቸውም። የከተማዋ ትልልቅ ባንኮች ባሉበት በሴንትራል፣ በአደባባዩና በሕንፃዎቹ ሥር ካርቶን አንጥፈው ይቀመጣሉ። ይበላሉ፣ ፀጉር ይሠራራሉ፣ ዕቃ ያሽጋሉ። ዘውዱን ጭነው የሚለማመዱትም በዚያችው ቀን ነው። ከእነሱ አንዷ ከውድድሩ አምሽታ ወደ አሠሪዋ ቤት በመመለሷ ሥራዋን አጣች። ቅዳሜ ሽንት ቤት አጥባ፣ እሑድ ዘውድ ጭና፣ ሰኞ ከሥራ ተባረረች።

ቪላራማ አታስለቅሰንም፤ አታስጨበጭበንም። እነዚህ ሴቶች መሥዋዕት ሆነው አይቀርቡም። ይስቃሉ፣ ይቀናናሉ፣ ጫማ ይዋዋሳሉ፣ ማሸነፍ ይፈልጋሉ። በስድስቱ ቀናት የሰው ቤት ናቸው፤ በሰባተኛው የራሳቸው ለመሆን ይታገላሉ። ከአራቱ ፊልሞች ሰውዬዋን ከነሙሉ ሰውነቷ ያየሁት እዚህ ነው። ጀግና ሲሏት የሚቀነስባት ነገር ይኸው ነበር፤ የራሷን ነገር መፈለጓ።

*

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ሌላውንም ወገን ልናገር። የፊሊፒንስ መንግሥት ከቃል በቀር ምንም አልሠራም ማለት ውሸት ነው። በ2006 ለቤት ሠራተኞች ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 400 ዶላር እንዲሆን ወሰነ። በ2012 የቤት ሠራተኞችን ዓለም አቀፍ ስምምነት ከዓለም ሁለተኛ ሆኖ አጸደቀ። በ2018 አንዲት ዜጋው ኩዌት ውስጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሞታ ስትገኝ ሠራተኛ መላክ አቁሞ፣ ሠራተኞች ፓስፖርታቸውንና ስልካቸውን ራሳቸው እንዲይዙ የሚል ስምምነት አስፈርሟል። በስደት ላይ ላሉ ሠራተኞች ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም በ2021 ሕግ ወጥቷል። ብዙው የመጣው ሬሳ ሲመጣና ሠራተኞቹ አደባባይ ሲወጡ ነው፤ ቢሆንም መጥቷል።

ደግሞም ቃሉ ራሱ አንዳንዴ ወደ ተናጋሪው ይዞራል። በነሐሴ 2015 የጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ ስደተኞቹ የሚልኳቸውን ካርቶኖች ከፍቼ እፈትሻለሁ አለ። እዚያ አገር ይህ ካርቶን «ባሊክባያን ቦክስ» ይባላል፤ ወደ አገር የሚመለስ ሰው ሣጥን እንደማለት ነው። ሰዉ ተነሣ! «ጀግና» ብላችሁ የጠራችሁትን ሰው ሣጥን እንደ ሌባ ልትበረብሩ ነው ወይ ተባለ። ፕሬዚዳንቱ እንዲሁ በዘፈቀደ አይከፈት ብለው አዘዙ። ቃሉ ከግብር ነፃ የሆነ ሣጥን አስከብሯል ማለት ነው። ከሣጥኑ ይልቅ የሣጥኑን ባለቤት ቢያስከብር ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? የሚል አይጠፋም። ያገባናል። የጎረቤቴ ልጅ ቤይሩት አምስት ዓመት ሠርታ መጥታለች። በአንድ ቤት ከፊሊፒናዊት ጋር አብራ ትሠራ ነበር፤ አንድ ወለል ይወለውላሉ፣ አንድ ክፍል ያድራሉ። «ጋሼ፣ የእሷ ደመወዝ የእኔን እጥፍ ነበር» አለችኝ። ለምን? አልኳት። «እሷን ቢነኳት የሚደውል ኤምባሲ አላት ይላሉ። እኔን ግን ማን ይጠይቅልኛል?» የፊሊፒናዊቷን ብሶት በሠላሳ ዓመት ፊልምና ሰልፍ ዓለም ሰምቶታል። የእኛዋ እሷን ነው የምትቀናው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችን ተባረው ሲመጡ አየን፤ አዘንን፤ ረሳን። ጀግናም አላልናቸውም፤ ሠራተኛም አላልናቸውም። ሠራተኛ ብለን ብንጀምር ይበቃኛል።

ልጅቷን አንድ ነገር ጠየቅኋት። ስትደውዪ ለእናትሽ ምን ትያቸው ነበር? ሳቀች። «ደህና ነኝ ነዋ፣ ጋሼ!» እናቷ ቡና እየቀዱ ሰምተው «እኛስ ደህና ነን አላልንሽም እንዴ? አባትሽ ታሞ ተኝቶ!» አሉ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ «አናክ» ትዝ አለኝ።

*

ባልደረባዬ ኮንትራቷ ሲያልቅ ሸኘናት። ተማሪዎቿ ገንዘብ አዋጥተው ጋቢ ገዙላት፤ ለብሳው አልቅሳ አስለቀሰችን። እኔ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከልጆችሽ ልትገናኚ ነው» አልኳት።

«አይ ሰር» አለችኝ። ሪያድ አንድ ሆስፒታል ተቀጥራ ነበር። ነርስ ሆና፤ መምህርነቱን ትታ። የሪያዱ ደመወዝ ይሻላል፤ ትልቁ ልጅ ኮሌጅ ሊገባ ነው። ለስንት ጊዜ ነው? አልኳት። «ለጊዜው ነው» አለች።

ጋቢውን አውልቃ አጠፈችና ካርቶኑ ውስጥ ጨመረችው፤ ከልጁ ጫማ በላይ። ካርቶኑን ዙሪያውን በፕላስተር አሸገች፤ አገሩ ለሚገባ ባልደረባዋም ሰጠች። ካርቶኑ ማኒላ ገባ። እሷ ሪያድ ሄደች።